አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው

ጥር 28

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ቤት ይግባ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዓይንዎን ያብራልኝ፣ ምላስዎን ግን ትንሽ ይቀንስልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ውጭው በረዶ ነው፤ ቤተ ሙከራው ስለሚሞቅ ግን ውሎዬም አዳሬም እዚያው ሆኗል።

በጥቅሉ ውስጥ የልጄ ኢንሱሊንና መርፌዎቿ አሉ። አንዲት ትንሽ ልጥፍም አለች። ልጥፏ የእጄ ሥራ ናት፤ አውራ ጣት ታክላለች። በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መሃል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል። ምን እንደሆነ በስልክ ልነግርዎ ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው አልተቀጠለም። እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ቅንጣቶቹ ግን እንደ ድንጋይ ክሪስታል ሥርዓት ይዘው ይሰለፋሉ። እኛ የምንሠራባቸው ደግሞ ለየብቻቸው ሰልፍ አያውቁም። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በሃይድሮጂን በኩል እጅ ለእጅ ሲያያዙ ብቻ ነው የሚሰለፉት። ሰልፉ ብርሃኑን መርጦ ስለሚመልስ ቀዝቀዝ ሲል አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሙቀት ሲበዛ እጅ ለእጅ ይላቀቃሉ፣ ሰልፉ ይፈርሳል፣ አረንጓዴው ጠፍቶ ከጀርባው ያለው ጥቁር ብቻ ይቀራል።

ኢንሱሊን ሙቀት እንደማይችል ያውቃሉ። መብራቱ እየጠፋ ማቀዝቀዣው ሥራ ከፈታ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው። ስለዚህ ልጥፏን ከጠርሙሱ ጎን ያድርጓት። ነገሩ አጭር ነው፦ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ከሆነ ጠርሙሱን ይጣሉትና ይጻፉልኝ።

ልጥፏን ለብዙ ሰው አያሳዩብኝ።

ዳኛዋን ልጄን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። አንዱን ብቻ ከሳሙ እንደምትከስዎ አውቃለሁ።

የልጅ ልጅዎ


የካቲት 19

ይድረስ ለፈሳሽ ድንጋይ ጠባቂዋ፣

ያሰብሽው ይሙላ፣ የያዝሽው ይባረክ፣ የሚጠሉሽ ሰዎች መነጽር ይጥፋባቸው። ምላሴን በተመለከተ የጸለይሽው ጸሎት ገና አልደረሰም። እሱንም በሾፌሩ በደረስኩ በኩል ልከሽው ይሆናል። ሰውየውን ትዘነጊዋለሽ ብዬ አልገምትም፤ ጭነቱን አስሮ ሲወጣ «መቼ ትመለሳለህ?» ቢሉት «ደረስኩ!» ብሎ ወር የሚከርም። ጥቅልሽን ሲያመጣ እንኳ «ትኩስ ነው» አለኝ። እኔም «መድኃኒት ነው እንጂ ዳቦ አይደለም፣ ትኩስ ከሆነ ልከስህ ነው» አልኩት። ደንግጦ ሳጥኑን በሁለት እጁ ዳሰሰ። ቀዝቃዛ ነበር፤ አትፍሪ።

ደብዳቤሽን ለአጎትሽ አነበብኩለት። «እንደ ውሃ ይፈሳል፣ እንደ ድንጋይ ይሰለፋል» የሚለው ላይ ስደርስ፣ «ይሄማ አንተ ነህ፤ ጠዋት ቢሮ ገብተህ ትሰለፋለህ፣ ከሰዓት በኋላ ትፈሳለህ» አልኩት። እስከ ዛሬ አኩርፏል። ለየብቻቸው የማይረቡ፣ እጅ ሲያያዙ ግን ቁም ነገር የሚሆኑ ያልሻቸው ደግሞ እኔና አያትሽ ነን። እሷ እጇን ከለቀቀችኝ ወዲህ የኔ ሰልፍ እንዴት እንደሆነ የሱቄን መደርደሪያ ያየ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንቺ እዚያ ሆነሽ ስታስቢ እኔ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ መስሎሻል። ማቀዝቀዣ ሠርቻለሁ! ትልቁን ማሰሮ አስቀመጥኩ፣ ትንሹን በውስጡ አቆምኩ፣ በመሃላቸው አሸዋ ሞላሁ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። እጅሽን ብትከቺበት ከአማት ሰላምታ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ጠርሙሶቹ እዚያ ናቸው። ልጥፍሽንም ከአንዱ ጠርሙስ አንገት ላይ በክር አሰርኳት። ጨርቁን ስገልጥ ላብ አጥምቋት፣ ጤዛ እንዳረፈበት ቅጠል ታበራለች። አረንጓዴ! ዕድሜዬን ሙሉ መነጽር ስሞርድ ኖሬ እንዲህ ያለ ቀለም አላየሁም።

ለሰው አታሳይ ብለሻል፤ አላሳየሁም። ለጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ለደረስኩና መነጽር ሊያስጠግኑ ለመጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ነው ያሳየሁት። አንደኛው መነጽሩ እኔ ጋ ስለነበር አየ ማለት አይቻልም።

ልጅሽ ጥርሷ ተነቅሏል። መርፌውን በየትኛው እግሯ እንደምትወጋ የምትወስነው ራሷ ናት። «ዛሬ በግራ ነው» ትላለች። «ትናንትም በግራ ነበር» ስላት፣ «ይግባኝ የለም!» ትለኛለች። ከአባቷ ወገን ነው ይህ ግትርነት፤ በእኛ ወገን የለም።

ስትመጪም ሆነ ስትልኪ የመነጽር መጥረጊያ ለስላሳ ጨርቅ አትርሺኝ። ጣፋጭ ነገር አትላኪ። ለሷ ክልክል ነው፤ እኔም ጥርስ የለኝም፤ የሚበላው አጎትሽ ነው።

አያትሽ


መጋቢት 8

ይድረስ ለአባባ፣

ጤናዎን፣ የቤቱን ሰላም፣ የልጄን ትንፋሽ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ እንደገና አነበብኩት።

ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ልጥፏ ያለችው ከማሰሮው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? «ላብ አጥምቋት» ያሉት እውነት ውሃ ቋጥራ ነው ወይስ እንደ ልማድዎ አሳምረው ነው? ልጄ ውሃ ታበዛለች? ከአልጋዋ ለሽንት ትመላለሳለች? ሰውነቷስ?

እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ያንኑ ፈሳሽ በሁለት መስታወቶች መሃል አድርጌ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍበት እለካለሁ። የመስታወቶቹ ውስጠኛ ገጽ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ቅብ አለው፤ ሽቦ እናገናኝበታለን። ትንሽ ኃይል ስንሰጠው ቅንጣቶቹ እንደ ተጠራ ወታደር ፊታቸውን ያዞራሉ፣ የሚያልፈው ብርሃንም ይለወጣል። ኤሌክትሪኩ ራሱ ግን ማለፍ የለበትም፤ ቢያልፍም የማይቆጠር ነው። አንዳንድ ቀን ግን የመለኪያው መርፌ ያለ ምክንያት ይነሳል። ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ወይም ባልደረባዬ እዚያው ጥግ ውሃ ባፈላ ጊዜ። ኃላፊዬ «የመሣሪያው ችግር ነው» ይላል። ይሆናል።

ለማንኛውም ልጥፏን ብቻ አይመኑ፤ ማሰሮውን በእጅዎም ይዳስሱ።

መልሱን ቶሎ ይላኩልኝ። ጨርቁን ገዝቻለሁ።

የልጅ ልጅዎ


መጋቢት 14

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣

እንደ ጠዋት ፀሐይ ደስ የሚል ዜና ይግጠምሽ። ካንቺ አዲስ ወረቀት ሳይደርሰኝ ነው የምጽፈው፤ ደረስኩ ነገ ስለሚነሳ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሙቀቱ መጥቷል። የዘንድሮው ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ሰማዩ ደመና አዝሎ አይዘንብ፣ አይገልጥ። አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጭኖናል። አሸዋውን ውሃ ባጠጣውም ጨርቁ ሳይደርቅ ይውላል። ልጥፍሽ ግን የዋዛ አይደለችም። ጨርቁን በገለጥኩ ቁጥር አረንጓዴ ናት፤ ንቅንቅ የለም።

ዳኛዋ ግመል ሆናለች። እንስራውን ብቻዋን ልትጨርሰው ነው። «ይህ ሁሉ ውሃ የት ይገባል?» ስላት፣ «ምሥጢር ነው» አለችኝ። ምሥጢሩ ፍራሹ ላይ ተገኘ። በማግስቱ ችሎት ተሰየመና ፍራሹ ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱም ፀሐይ ላይ መሰጣት ሆነ። ቀሚሷን ልብስ ሰፊዋ ሁለቴ አጠበበችላት። «ልጅ ሲረዝም ይሰለካል» አለችኝ፤ እኔም እንደዚያ ነው ብያለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትተኛለች። እንቅልፍ የኔ ሥራ ነበር፤ ነጠቀችኝ።

ነርሷን ጠራኋት። ስኳሯን በሽንቷ ለካችና ፊቷ አላማረኝም።

«አባባ፣ መድኃኒቱ ሞቆ ይሆን?» አለች።

ይህንን ስትጠይቀኝ ደስ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? ጨርቁን ገለጥኩና «ነይ እዪ! የልጅ ልጄ የሠራችው ነው፤ ሙቀት ቢነካው ይጠቁር ነበር» አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችው። አረንጓዴ ነው። «እንዲህ ያለማ ጤና ጣቢያችንም የለው» አለች። ከዚያ አሰበችና፣ «እንግዲያው መድኃኒቱ ደህና ከሆነ መጠኑ ነው ያነሳት፤ ልጅ ታድጋለች» ብላ እጥፍ አደረገችው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እጥፍ ነው የምወጋት። እስካሁን ግመሏ ግመል ናት፤ ግን መድኃኒት ጊዜ ይፈልጋል አለች ነርሷ።

የመነጽር ጨርቁ ይቆይ። ጠንከር ያለ መድኃኒት ካለ እሱን ላኪ።

ፈርቼ አይደለም የጻፍኩት። ደረስኩ ስለሚሄድ ነው ብዬሻለሁ።

አያትሽ


መጋቢት 25

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ፤ ቀጥታ ልናገር።

ማሰሮው ውስጥ ያለው መድኃኒት ሞቶ ይሆናል። ልጥፏን አይመኑ። አረንጓዴ ብትሆንም አይመኑ።

የርስዎ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ አልቻልኩም። ከዚያችው ልጥፍ ጋር የተሠራች እህቷን ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ከረጠበ ጥጥ ጋር ዘጋሁባትና አሳደርኳት። ከዚያ እያሞቅሁ ተመለከትኩ። መጥቆር ከነበረባት ሙቀት አለፈች፤ አረንጓዴ። ብርጭቆውን እጄ መያዝ እስኪያቅተው አሞቅሁት፤ አረንጓዴ። አጠገቧ ደረቅ ቦታ የነበረችው ገና ድሮ ጠቁራለች።

ውሃም እጅ አለው አባባ። እነዚያ ሁለቱ በያዙት በዚያው ሃይድሮጂን በኩል ይይዛል። መሃላቸው ገብቶ የአንዱን እጅ ሲነጥቅ ሰልፉ ይወላገዳል፣ ቀለሙም አረንጓዴው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለምን እዚያው እንደሚቀር ገና አልገባንም። የኤሌክትሪኩ መርፌ የሚነግረኝ ይህንኑ ነበር፤ እርጥበት በገባ ቁጥር ማለፍ የሌለበት ያልፍ ነበር። አየሁት፤ የመሣሪያ ችግር ነው ሲሉኝ ደግሞ ማመን ፈለግሁ።

ባለፈው ደብዳቤ ያልነገርኩዎ አለ። ኃላፊያችን እርጥበት ላይ ሳትፈተን አንዲትም ልጥፍ ከዚህ ክፍል እንዳትወጣ ብሎ ነበር። እኔ ግን ልጄን እያሰብኩ ቸኮልኩ። ደረቅ ክፍል ውስጥ የተሠራች ነገር እርጥብ ማሰሮ ውስጥ ትታሰራለች ብዬ አላሰብኩም። እርስዎ ደግሞ ማሰሮ ሠሩ። ሁለታችንም ያደረግነው ልጄን ብለን ነው።

አሁን የማደርገውን ያዳምጡኝ። ባልደረባዬ በአውሮፕላን ወደዚያ እየሄደ ነው፤ አዲስ ኢንሱሊን በበረዶ ሳጥን ይዟል። ለደረስኩ ያስረክበዋል። ሲደርስዎ አሮጌውን ሁሉ መሬት ላይ ይድፉት፤ ጠርሙስ አያስቀሩ። በዚያው ሰዓት ከአዲሱ ይጀምሩ። ማሰሮው ይቅር አልልም፤ ነገር ግን የላክሁትን ተራ ቴርሞሜትር፣ ቀይ ፈሳሹ ሲወጣ የሚታየውን፣ ከውስጥ ያቁሙበት። ቀዩ ካሰመርኩበት መስመር ካለፈ በረዶ ቤት ሄደው በረዶ ይለምኑ።

ያበድኩ እመስልዎ ይሆናል። እባክዎ ያሉኝን ሁሉ ይበሉኝ፤ ብቻ ያድርጉልኝ።

የልጅ ልጅዎ


ሚያዝያ 3

አባባ፣

የመጋቢቱ ደብዳቤዎ ዛሬ ገና ደረሰኝ።

እጥፍ። እጥፍ ነው ያሉት?

እባክዎ ከአዲሱ ጠርሙስ እጥፍ አይወጉ! ወደ ድሮው መጠን ይመለሱ። ያ የተገደለ መድኃኒት ስለሆነ ነው እጥፉም ምንም ያላደረጋት። አዲሱ ሕያው ነው። ከአዲሱ እጥፍ ከተወጋች ስኳሯ ወርዶ ወርዶ…

በዚያ ደብዳቤ «በዚያው ሰዓት ከአዲሱ ይጀምሩ» ብዬ ጽፌያለሁ። ስለ መጠኑ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። አላወቅሁም ነበር። እርስዎ ደግሞ ያልኩዎትን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ።

ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ የማይሆን ነገር ከተናገረች ስኳሯ ወርዷልና ስኳር ይስጧት። መዋጥ ከቻለች በውሃ በጥብጠው ያጠጧት፤ ካልቻለች ከጉንጯ ውስጥ ይቀቡላት፤ ነርሷን ያስጠሩ።

ይህንን ደብዳቤ በፖስታ ልኬዋለሁ፤ ግልባጩንም በአንድ ነጋዴ እጅ። የፊተኛው ከበረዶ ሳጥኑ ጋር አልፏል። ደረስኩ እንደ ልማዱ ይዘግይ ብዬ እየጸለይኩ ነው። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

አባባ፣ ይጻፉልኝ። ይሳቁብኝ። ይስደቡኝ። ብቻ እንደ ወትሮዎ ሆነው ይጻፉልኝ።


ሚያዝያ 22

በሕይወት አለች።

ሌላውን ከዚህ በኋላ አንብቢው። ቁጭ ብለሽ።

ልጄ ሆይ፣ የሰማይ አባት ድንጋጤሽን ያርቅልሽ። ደረስኩ በዕድሜው ያልዘገየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያም ቀን ያ ነበር። ባልደረባሽ «የሕፃን ነፍስ ነው» ብሎት ኖሮ፣ ሳይበላ ሳያርፍ መኪናውን ሲነዳ ነው የመጣው። በሩን ሲያንኳኳ ዓይኑ ቀልቷል። «ደረስኩ» እንኳ አላለም። ሳጥኑን ሰጠኝና ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ።

ደብዳቤሽን አነበብኩ። አሮጌውን አንድ ሳላስቀር ደጅ ደፋሁት። ከአዲሱ ቀዳሁ። ምን ያህል እንደቀዳሁ አንቺው ታውቂዋለሽ። ነርሷ እጥፍ ብላለች፣ አንቺ ከአዲሱ ጀምር ብለሻል፤ ሁለታችሁንም አከበርኩ። «በቀኝ ነው ዛሬ» አለችኝ። በቀኝ ወጋኋት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መርፌውን ስነቅል እያፏጨሁ ነበር።

ቁርሷን ግማሹን ተወችው። እኔ መሞረጃው ጋ ተቀምጬ የአንድ ደንበኛ መነጽር እሞርዳለሁ፤ እሷ ከጎኔ በርጩማ ላይ። ጥቂት ቆይታ፣

«አባባ፣ ጠረጴዛው ለምን ይዋኛል?» አለችኝ።

ሳቅሁ። «ይዋኝ፣ ምን አገባሽ? ከፍሎ ነው የገባው» አልኳት።

«ሊሰምጥ ነው እኮ።»

«ዋና ያስተማረው አጎትሽ ነዋ፤ ይሰምጣል እንጂ!»

ይኸውልሽ። በሌላ ቤት ቢሆን ልጅ «ጠረጴዛ ዋኘ» ስትል ሰው ይደነግጣል። በኛ ቤት እንዲህ ነው የሚወራው፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ተራዋን ጠብቃ ተረብ የምትመልስልኝ መስሎኝ መነጽሩን መሞረዴን ቀጠልኩ። መንኮራኩሩም ይጮሃል። ለምን አልመለሰችልኝም ብዬ ዞር ስል ፀጉሯ ከግንባሯ ተጣብቋል። እጇን ያዝኩ፤ የማሰሮው ውስጥ እንኳ እንደዚያ ቀዝቅዞ አያውቅም። ስጠራት ዓይኗ ይንከራተታል እንጂ እኔን አያይም። ከዚያ እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለች።

ጮኽኩ። እኔ እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ገባች።

«ምን ሆነች?»

«እንጃ! ነርሷን!»

«ደረስኩ!» ብላ ጮኸች ወደ ደጅ፤ ደጃፉ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበርና ተነስቶ ሮጠ። የመኪናውን ቁልፍ እንኳ አልፈለገም፤ በእግሩ ነው የሮጠው። ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን ዳሰሰቻትና «አባባ፣ የወንድሜ ልጅም እንዲህ ያደርገው ነበር፤ ስኳር ስጡኝ!» አለች። እኔ ደግሞ «ክልክል ነው!» አልኩ። አየሽ? ልጅሽ እጄ ላይ እየሄደች «ክልክል ነው» ብዬ ተከራከርኩ።

«አሁን የሚከለከል የለም!» አለችኝና ከመደርደሪያው ራሷ አወረደችው። በጣቷ ከጉንጯ ውስጥ እየቀባች፣ እኔ ጭንቅላቷን ደግፌ፣ ነርሷ እያለከለከች ደረሰች።

«ምን ያህል ሰጧት?»

«ያልሽኝን።»

«ከየትኛው?»

«ከአዲሱ።»

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጠቻት። ደረስኩ የልጅቷን ክንድ ያዘላት። ያ ግዙፍ ሰውዬ እያለቀሰ ያዘላት።

ከዚያ ልጅሽ ዓይኗን ገለጠች። ምላሷን በአፏ ውስጥ አዞረችና ሁላችንንም ተራ በተራ ገረመመችን።

«ስኳር ማነው የሰጠኝ?» አለች። «ክልክል ነው እኮ!»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አላለቀስኩምም።

አሁን መጠኗ ወደ ድሮው ተመልሷል። ግመልነቱ ቀርቷል፤ ፍራሹም በነፃ ተለቋል። ቀሚሷ ሊፈታላት ነው። ቴርሞሜትርሽን ማሰሮው ውስጥ አቁሜዋለሁ፤ ቀዩ ሲወጣ አጎትሽ በረዶ ቤት ይሮጣል። መቼም እሱ ሲሮጥ ብታዪ ትፈወሻለሽ። መርፌውን ግን ነርሷ ናት የምትወጋት። እኔ ያዝኩት፣ እጄ እምቢ አለ። ስሪንጁ ላይ ያሉትን መስመሮች አያለሁ፤ መነጽሬን ለውጬም አያለሁ። ማየቴን አላመንኩትም።

ሁለተኛው ደብዳቤሽ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቆሜ አነበብኩት። «ከአዲሱ እጥፍ ከተወጋች» የሚለው ላይ ስደርስ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ ዳኛዋ።

«እናትሽ ናት። እንዳልወጋሽ ትነግረኛለች።»

«ወግተኸኝ አልነበር? ያለፈ ነገር ምን ያስፈራሃል?»

ፍርዱ ትክክል ነው፤ ግን አልለቀቀኝም። አንቺንም እንደማይለቅሽ አውቃለሁ። ጥፋቱን ለብቻሽ አትሸከሚው፤ ልጥፏን በክር ያሰርኳት እኔ፣ በኩራት ያሳየኋት እኔ፣ ጠረጴዛው ሲዋኝ የሳቅሁት እኔ። አንቺ ለኃላፊሽ እውነቱን ንገሪው። ቢያባርርሽ ነይ፤ ባያባርርሽም ነይ። በዚህ ደብዳቤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ይሳቁብኝ ብለሻል። ሞከርኩ። ትናንት ዳኛዋ «አጎቴ ሲሮጥ ጥላው ይቀድመዋል» አለች። ደህና ተረብ ናት፤ በሌላ ጊዜ ሳምንት የምስቅባት። አሁን ግን የሚያስቅ ነገር በተናገረች ቁጥር ግንባሯን እዳብሳለሁ። ላብ ካለ ብዬ። እሷም ገብቷታል፤ ተረብ ጀምራ ዓይኔን ታይና ትተወዋለች። ከሁሉ ይህ ነው የከበደኝ። ልጅቷን በቀልድ አሳድጌያት፣ አሁን ቀልዷን እየነጠቅኋት ነው።

ከምሳ በኋላ ትተኛለች። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ትሰማኝ አትሰማኝ እንጃ ብዬ ነበር። ዛሬ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«አለሁ፣ አባባ» አለችኝ።

«አልሰማሁም» አልኳት።

ደገመችልኝ፤ ጮክ ብላ፣ ተበሳጭታ። ነገም አልሰማም።

አያትሽ